ጥርት ያለችው ክብና የሚመግለው ጆሮ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ጆሮ ሲያም ጤና አዳም ጨምቆ ጠብ ማድረግን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥም የዕፅዋት ጭማቂ ሲሞከር፣ ባክቴሪያ በተቀባ ሳህን ላይ ጥርት ያለች ክብ ትታያለች። ባክቴሪያው ያልበቀለባት ቦታ ናት። እሷን ያየ ሰው “በቃ፣ መድኃኒቱ ይሄ ነው” ለማለት ይቸኩላል። እስቲ ክቧ ከየት እንደመጣች እንይ።

ከቅጠሉ እንጀምር። ከጅማው ሂርማታ ገበያ የመጣ ጤና አዳም ይሁን ቡናውን ከሚያጠላው ብሳና የተቀነጠሰ ቅጠል፣ ጥላ ውስጥ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣ። ፀሐይ ላይ ዘይቱ ይተናል። በጅማ ክረምት ደግሞ ከተከመረ ይሻግታል። ሻጋታ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ፔኒሲሊን ከየት መጣና! ስለዚህ የሻገተ ቅጠል ውጤቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ይጣል።

ቅጠሉ ሲደርቅ ይፈጫል፤ 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ለ72 ሰዓት እየተናወጠ ይዘፈዘፋል፤ ከተጠለለ በኋላ ሜታኖሉ በ40 ዲግሪ ይተናል። ተርፎ የቀረ ሜታኖልም ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ጭማቂው የሚጨመረው ሳህኑ ላይ ባለው አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያው በሚበቅልበት እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ላይ፣ በተበሳ ጉድጓድ ነው፤ ለማነጻጸሪያ ማሟሚያው ብቻ የሚገባበት ጉድጓድ ከጎኑ ካልኖረ ሙከራውን አልቀበልም።

ባክቴሪያዎቹ ከሚመግል ጆሮ የሚገኙት ናቸው፦ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ፣ ፕሮቲየስ፣ ፕሴውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ። የሚቀባው ፈሳሽ ድፍርስነት 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ይሁን፤ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ባክቴሪያ ገደማ። ከዚያ ከበዛ ክቧ ትጠባለች። አጋሩ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲወፍርም እንደዚያው። ሳህኑ በ35 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያድራል።

የክቧ ስፋት የሚነግረን ጭማቂው አጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨም ጭምር ነው። የጦስኝ ዘይት ከውሃ ጋር አይስማማም፣ ብዙ አይሄድም፤ ክቡ ጠበበ ማለት ደካማ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ነው በፈሳሽ ውስጥ እጥፍ በእጥፍ እያቀጠኑ ባክቴሪያው እንዳይበቅል የሚገታውን ትንሹን መጠን መፈለግ የሚያስፈልገው። ፕሴውዶሞናስ ደግሞ ውጫዊ ሽፋኑ ብዙውን ነገር አያስገባም፣ የገባውንም መልሶ ይተፋል።

ሳህን ግን እንደ ጆሮ ታምቡር የለውም። ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ የተጨመረው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሊዘልቅና መስማትን ሊጎዳ ይችላል፤ የቤት ጭማቂ ደግሞ ንጹህ አይደለም። ጆሮው ከመገለ ጤና ጣቢያ ይታይ። እቤት የሚሠራው ማድረቅ ነው፦ ንጹህ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ እንደ ክር ተጠቅልሎ ይገባል፣ ሲርስ ይለወጣል፣ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። በቀን 3 ጊዜ። የታዘዘው ጠብታ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ መግሉ ላይ ከተጨመረ ታጥቦ ይወጣል።