አንስተህ የት ልትወስደኝ ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በእንግድነት የተገኛችሁ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የፊታችን እሑድ ወደ ጢያ የምናደርገውን የደርሶ መልስ ጉዞ ምክንያት በማድረግ፣ በፊልም ካሜራ ፎቶ እያነሱ ስለመጓዝ የማውቀውን እንዳካፍላችሁ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በስልክና በዲጂታል ካሜራ ፎቶ ማንሳት የጀመሩ፣ ፊልምን ግን በቅርቡ የተዋወቁ መሆናቸውን አውቃለሁ። ስለዚህ ንግግሬን ከመሣሪያው በፊት አንዲት እናት ከጠየቁኝ ጥያቄ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጢያ ትክል ድንጋዮች ስመለስ፣ በመንገድ ዳር ቆጮ የሚሸጡ እናት አየሁ። ኮባውን ገለጥ አድርገው ለገዢ እያሳዩ ሳለ የጠዋቷ ፀሐይ ከጎን በኩል እጃቸው ላይ አርፋ ነበር። ቀረብ ብዬ «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ቀና ብለው እኔንም ካሜራዬንም ካዩ በኋላ «አንስተህ የት ልትወስደኝ ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ዲጂታል ካሜራ ይዤ ቢሆን ኖሮ ምስላቸውን ወዲያው በስክሪኑ አሳይቻቸው፣ ተሳስቀን በሰላም እንለያይ ነበር። የፊልም ካሜራ ጀርባ ግን ጥቁር ብረት ስለሆነ የሚያሳየው ነገር የለውም፤ ፊልሙ እስኪታጠብና ፎቶው እስኪታተም ድረስ አንሺው የተነሺው ባለዕዳ ሆኖ ይቆያል። በመጨረሻ «አሳትሜ ይዤልዎት እመጣለሁ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱልኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ለፊልም ካሜራ ከሁሉ የሚስማማው ጉዞ የቅርቡ፣ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት፣ ሲፈልጉም ደግመው የሚሄዱበት ጉዞ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ዕዳ ለመክፈል ያስችላል።

እኔ የምይዘው ካሜራ አጎቴ በሶቭየት ኅብረት ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ዜኒት ኢ ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባትሪ አይፈልግም፤ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ማለትም ሹተሩ፣ ከሁሉ ሲፈጥን የሰከንድ 1/500 ሲሆን፣ ሄልዮስ የሚባለው 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱም የብርሃን ቀዳዳው፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ ከኤፍ 16 በላይ አይጠብም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የጠቀስኩት ያለምክንያት አይደለም። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ደንብ እንደሚለው፣ ደመና በሌለበት ፀሐይ አፐርቸሩ ኤፍ 16 ላይ ሲሆን የሹተሩ ፍጥነት የፊልሙን የብርሃን ትብነት ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ ለባለ 400 ፊልም የሰከንድ 1/400 ገደማ ማለት ነው። ባለ 400 ፊልም አጉርሼ በእኩለ ቀን ብወጣ ገና ከመጀመሪያው ፎቶ ካሜራዬ የመጨረሻው ጥግ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምቀንሰው ብርሃን የለኝም። ስለዚህ ለገላጣ ሜዳ ባለ 100 ፊልም እይዛለሁ፤ ባለ 400ን ደግሞ ለጥላ፣ ለቤተ ክርስቲያን ውስጥና ለደመናማ ቀን አስቀምጠዋለሁ። በጉዞ ላይ ፊልም የጎረሰን ካሜራ እንደልብ መለወጥ ስለማይቻል፣ የትኛውን ፊልም ይዞ መውጣት እንዳለበት የሚወሰነው ከዋዜማው ማታ፣ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጢያ ልመለስ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግረን የምንደርስበት ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበት ነው፤ ከእነዚህም 32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብና ትርጉማቸው እስካሁን ያልተፈታ ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከኢማም አሕመድ ዘመን አስቀድመው የቆሙ ናቸው፤ ከሥራቸውም መቃብር መኖሩ በቁፋሮ ታውቋል። አንድ ጥቅል የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያነሳው ደግሞ 36 ፎቶ ነው። ይህን መገጣጠም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተውል እንደ ምልክት ቆጥሬው ለእያንዳንዱ ድንጋይ አንድ አንድ ፎቶ መደብኩ። ቦታው ላይ የደረስኩት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነበር፤ በ40 ደቂቃ ውስጥም 36ቱንም አንስቼ ጨረስኩ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ 36 ግራጫ ድንጋዮች ነበሩበት፤ ሰይፉም ክቡም የለም። ቅርጹ የተሠራው ድንጋዩን በጥቂቱ ብቻ በመፈልፈል ስለሆነ የሚታየው ጥላ ሲያርፍበት ነው፤ ጥላው የሚያርፍበትም ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ ላይ ለመጓዝ ጊዜ አትፈጅም፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በአዲስ አበባ አካባቢ በቀትር ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በእነዚያ ቀናት የቆመ ድንጋይ ጥላ ከእግሩ ሥር አያልፍም። ስለ ብርሃን የተጻፉ ብዙ የውጭ አገር ምክሮች በእኛ ዘንድ የማይሠሩትም ለዚህ ነው፤ በሰሜኑ ዓለም በብርዱ ወራት ቀኑን ሙሉ ከጎን የሚመጣው ብርሃን እኛ ዘንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከአመሻሹ 10 ሰዓት ተኩል እስክትጠልቅ ድረስ ብቻ ይገኛል። ምሽቱም ቢሆን ወዲያው ይጨልማል እንጂ አይቆይም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ከጥበቃው ጋር አስቀድሜ ተነጋግሬ ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሳሁ። አንዱን ድንጋይ መርጬ ከፊቱ ቁጭ አልኩ። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ስትል ከተቀረጹት ሰይፎች አንዱ ከድንጋዩ ውስጥ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ በግራ ጠርዙ ላይ ቀጭን የጥላ መስመር ተሰመረ፤ መስመሩ እየሰፋ ሄዶ ሙሉውን ስለት ሞላው፤ ከዚያ እንደገና እየጠበበ መጣ። በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ያነሳሁት 9 ፎቶ ብቻ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ዛሬም ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። የቀሩት 27ቱ ናቸው እኒያን እናት እንዳገኛቸው ያስቻሉኝ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ቢሆን ኖሮ ካሜራዬ ባዶ ነበር።

ሰው ስናነሳ ከሁሉ በላይ የምንሳሳተው ብርሃን ስንለካ ነው። የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ፊቱ ሲቆም ነጩን ጨርቅ አይቶ «ብርሃን በዛ» ይላል፤ እኛም አምነነው አፐርቸሩን ስናጠብ ፊት ይጠቁርና ዓይን ይጠፋል። መለኪያውን ወደ ፊት አስጠግታችሁ ፊቱን ብቻ ለኩ፤ ማስጠጋት ነውር በሚሆንበት ቦታ ደግሞ የሰውዬው ዓይነት ብርሃን ያረፈበትን የራሳችሁን እጅ ለኩ። ብትጠራጠሩ ብርሃን ጨምሩ፤ ነጋቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃን ይችላል፤ ጉድለትን ግን አይምርም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ የቀለም ፊልም ሲሠራ የእኛን መልክ አስቦ ስላልነበረ ጭምር ነው። ለረጅም ዓመታት ማተሚያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት ከኮዳክ በሚላክላቸው፣ ሸርሊ ካርድ በሚባለው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሳካ ይባል ነበር። ፊልሙ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም የእናቶቻችንን ፊት በሚገባ የማውጣቱ ኃላፊነት የፊልም ፋብሪካው ሳይሆን የእኛ ነው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፊልም ስታጎርሱ በጥላ ሥር ሁኑ፤ ካጎረሳችሁም በኋላ ፊልሙን ወደፊት ስታስኬዱ በግራ በኩል ያለው የመጠቅለያ ቁልፍ አብሮ መዞሩን ተመልከቱ። እኔ ይህን ሳላይ ቀርቼ ደብረ ሊባኖስ ላይ አንድ ሙሉ ቀን፣ በገደሉ አፋፍ የተቀመጡትን ጭላዳዎች ጨምሮ፣ ስነሳና ስተኛ ፎቶ ያነሳሁ መስሎኝ ዋልኩ፤ ቁጥሩ 36ን አልፎ 39 ሲል ነው ፊልሙ ከቦታው ንቅንቅ እንዳላለ የገባኝ። ያን ቀን አንዲት መነኩሴ ፎቶ እንዳነሳቸው ፈቅደውልኝ ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለሁለትና ለሦስት ቀን ከተማ ለማየት ለሚወጣ ሰው ግን ከሐረር የተሻለ አላውቅም። በአውሮፕላን እስከ ድሬዳዋ የምትሄዱ ከሆነ፣ ያልታጠበ ፊልማችሁን በግልጽ ላስቲክ አድርጋችሁ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ በተለይ ሲቲ የሚባሉት አዳዲሶቹ የሻንጣ መፈተሻዎች ፊልምን ያበላሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ውስጥ፣ ከ82 መስጊዶቹና ከ102 የቅዱሳን መታሰቢያ ስፍራዎቹ መካከል የሚጥመለመሉት መንገዶች ጠባብ በመሆናቸው ቀትር ላይ እንኳ ጥላ አይጠፋም፤ ከአንዱ ቀለም የተቀባ ግድግዳ የነጠረው ብርሃን ተቃራኒውን ግድግዳ ያለሰልሰዋል። ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ባለ 400 ፊልም ይዛችሁ፣ የስፌት መኪናውን ድምፅ እየሰማችሁ ብርሃኑ ጨርቁ ላይ እስኪደርስ ብትጠብቁ ትደሰታላችሁ።

በዚችው ሐረር ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ግጥም ትቶ በነጋዴነት በኖረባት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ከአገሩ ባስመጣው ካሜራ ራሱን አንስቷል፤ አንዱን በቤቱ ሰገነት፣ አንዱን በቡና ማሳ፣ አንዱንም በሙዝ ተክል መካከል። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ፎቶዎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ገልጾ፣ ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራ ጽፏል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ወንድሜ ያጋጠመውን የሚነግረኝ ይመስለኛል። ፊልም አጣቢ የሆነ ሰው በሙሉ የውሃ ተጨናቂ ነው።

እኔም በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፊልሜን ራሴ አጥባለሁ። የቀለም ፊልም ኬሚካል 38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ስለሚፈልግ ለጥቁርና ነጭ አደላለሁ፤ እሱ 20 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በከተማችን አየር ይህን ማግኘት አያስቸግርም። ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ የተባለውን ፊልም አይዲ 11 በሚባለው ማጠቢያ፣ እኩል ውሃ ቀላቅዬ፣ 13 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል፣ ከፊክሰሩ፣ በኋላ ያለው እጥበት ግን ቀድሞ ቧንቧ ከፍቶ ውሃን ለብዙ ደቂቃ ማፍሰስ ይጠይቅ ነበር። ኢልፎርድ ያስተማረው ዘዴ ከዚህ ያሳርፋል፤ ፊልሙ ያለበትን ጣሳ ውሃ ሞልቶ፣ ከድኖ 5 ጊዜ ማገላበጥና ውሃውን መድፋት፣ እንደገና ሞልቶ 10 ጊዜ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልቶ 20 ጊዜ። አንድ ሊትር ባልሞላ ውሃ አንድ ፊልም ይጠራል። ለመጨረሻው መለቅለቂያ ዲስቲልድ ውሃ ከተጠቀማችሁ ሲደርቅ የኖራ ነጠብጣብ አይተውበትም። ፊክሰሩ በደንብ ካልወጣ ግን ፎቶው ዛሬ አምሮ ነገ ይበላሻል፤ ለሰው የሚሰጥ ፎቶ ደግሞ ከእኛ በኋላ መቆየት አለበት።

የቆጮ ነጋዴዋን ፎቶ ያነሳሁበት ጥቅል ሊያልቅ ሁለት ወር ፈጀ፤ አጥቤና አሳትሜ ወደ ጢያ ስመለስ ሦስት ወር ሞልቶ ነበር። እዚያው ቦታቸው አገኘኋቸው። ፖስታውን ሳወጣ እጃቸው ቆጮ ነክቶት ስለነበር በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ፎቶውን በጣቶቻቸው ጫፍ ጠርዙን ብቻ ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ፊታቸውን የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከኋላቸው፣ በግማሽ ከፎቶው ውጭ የቀረችውን፣ ሳነሳም ሳትምም ልብ ያላልኳትን ልጅ በጣታቸው እያመለከቱ «ይቺ እኮ ልጄ ናት፤ አሁን ቡታጅራ ለትምህርት ሄዳለች» አሉኝ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም «ለእሷም አንድ ብትጨምርልኝ» አሉ።

ስለዚህ እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ በር ላይ እንገናኝ። እያንዳንዳችሁ አንድ ጥቅል ባለ 100 ፊልም ይበቃችኋል፤ ለብርዱ ጋቢ ያዙ። የልጅቷን ኮፒ ከነነጋቲቩ ፈልጌ፣ እሷ በሙሉ እንድትታይበት ከዚያው ቅጽበት በፊት ካነሳሁት ፎቶ አሳትሜዋለሁ፤ በፖስታ ሆኖ ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

አመሰግናለሁ።