ቢርጊር

ሰላም ናችሁ? ዛሬም ስለ ፎንት ነው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። «ሁለተኛ ስለ ፊደል አላወራም» ብዬ ምያለሁ። እናንተም አላመናችሁኝም። እህቴ ይሄን እንደማትሰማው ቀድማ ነግራኛለች፣ ስለዚህ ዛሬ በነፃነት ላማት እችል ነበር፣ ግን እሷ ጋ የምንደርስ አይመስለኝም።

ነገሩ ያ ለበርገር ቤቱ የሠራሁት ታፔላ ነው። አዎ፣ እሱው። አልቋል፣ ተሰቅሏል፣ ሒሳቤም ተከፍሎኛል። ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ሰውየው ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ ነው የመጣው። የካውቦይ ፊልም ላይ ግንብ ላይ የሚለጠፍ «ይፈለጋል» የሚል ወረቀት አለ አይደል? ደፋር፣ ወፍራም ፊደል፣ ጫፉ ላይ ሁሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ የመሰለ እግር ያለው። ስላብ ሰሪፍ የሚባለው። «እንደዚህ አድርግልኝ» አለ። እኔ በደስታ ልሞት! ክላረንደን የሚባለውን ስላብ ፎንት አወጣሁለት።

ክላረንደንን ታውቁታላችሁ፣ ስንቴ አሰልችቻችኋለሁ። በፈረንጆቹ 1845 ለንደን ውስጥ ሮበርት ቤዝሊ የፋን ስትሪት ፊደል ማምረቻ ያወጣው ነው። በሕግ አስመዘገበው፣ ጥበቃው ግን 3 ዓመት ብቻ ነበር፣ ከዛ በኋላ ያልገለበጠው የለም። ፎንት በፍላሽ የምንቀባበል ሰዎች በዚህ መፍረድ የምንችል አይመስለኝም። የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ፖስተር ላይ የሚጮኸው ፊደል መዝገበ ቃላት ውስጥም ይሠራ ነበር። ዋናውን ቃል ከማብራሪያው ለይቶ ለማጉላት። ስላቡ ራሱ ግን ከክላረንደን በፊትም ነበር፣ የተወለደውም ለጩኸት ነው። ለንደን ግድግዳው ሁሉ ማስታወቂያ ሆኖ፣ ቀጭን መስመር ከሩቅ ይጠፋላ! ስለዚህ ሁሉንም መስመር አወፈሩት፣ እግሩንም አብረው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በእንጨት ቀረጹት። ዳሪየስ ዌልስ የሚባል የኒውዮርክ ሰው በ1828 የእንጨት ፊደል ካታሎግ አወጣ። ትልቅ ፊደል ከእርሳስ ብረት ስትሠሩት ይከብዳል፣ ዋጋውም አይቀመስም፣ እንጨት ግን ቀላል ነው። የካውቦዩ ወረቀት ከዛ መንገድ የመጣ ነው።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየሁት ስላብ ቴሌቪዥናችን ላይ ያለው ሶኒ የሚለው ጽሑፍ ነው። ዛሬም ሳየው... እሺ፣ እሺ፣ ልመለስ።

«አማርኛውም እንደሱ ይሁን» አለኝ።

ይሄውላችሁ ችግሩ። እኛ ጋ እግር ሥራ አለው። በ ላይ በቀኝ እግሩ ጫፍ ወደ ቀኝ ትንሽ መስመር ስትጨምሩ ቢ ነው። ለ ሊ ይሆናል፣ ገ ጊ ይሆናል። እሺ እግሩን ትተን ራሱ ላይ እንጨምር? ነ ኘ ይሆናል፣ ደ ጀ ይሆናል፣ ሰ ሸ ይሆናል። እግሩም ራሱም ተይዟል! የላቲን ፊደል እግሩን ብትቆርጡትም ብትቀጥሉለትም ያው ፊደል ነው። የኛ ስሙን ይቀይራል። ይሄን ሁሉ ነገርኩት። «አንተ ሞክረው» አለኝ።

ሞከርኩት። «በርገር» የሚለውን በስላብ እግር አትሜ ይዤ ሄድኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እናቱ እዛው ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ አነበቡ። ቢ... ር... ጊ... ር። «ቢርጊር» አሉ።

ልጁ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አስተናጋጇም ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይሄ የየት አገር ነገር ነው?» አሉኝ።

እኔ «የአሜሪካ ነው እማማ» አልኳቸው። «እህ» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ግን የጠየቁኝ ስለ ምግቡ ነው ወይስ ስለ ፊደሉ? እኔ ለምግቡ ነው የመለስኩት። ለፊደሉ ከሆነ መልሱ ምንድን ነው? አማርኛ ነው፣ ማንም አይክደውም፣ ግን ማንበብ የሚችሉ ሴትዮ አነበቡት፣ ያነበቡትም በትክክል እዛ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው። «ቢርጊር» ነበር የሚለው! አልተሳሳቱም እኮ። ምናልባት እያጋነንኩት ነው። ምናልባት መነጽሩ አሮጌ ነው። አላውቅም።

ከዛ ልጁ ምን አለ? «በቃ አማርኛውን አሳንሰህ ከታች አድርገው።» አሁን ታፔላው እንግሊዝኛው በክላረንደን እንደ በሬ ቆሟል፣ አማርኛው ከሥሩ ቀጭን፣ ስልክ ቁጥሩ አጠገብ። የሚያናድደው ደግሞ ያምራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ያምራል። ሁለት ሰዎች አይተውት ሥራ አምጥተውልኛል፣ አንደኛው «ያንን ዓይነት» ነው ያለው፣ ከነአማርኛው አቀማመጥ።

አንድ የቀረ መንገድ አለ፣ ወደ ግራ። እግሩን ወደ ግራ ብቻ ማውጣት። ቢያንስ በ እና ለ ላይ ከሳልስ ጋር አይምታታም። ትናንት ማታ ጀምሬው ነበር፣ በ ላይ ትንሽ ያዘነበለ ይመስላል እንጂ ይነበባል። ገ ላይም እሺ። ግን ጠ አለ፣ ሐ አለ፣ ሦስት ሦስት እግር፣ መሀል ላይ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ካልሰፋ በስተቀር፣ ከሰፋ ደግሞ አጠገቡ ያለው... ቆይ፣ እግሩ ቢያጥርስ? ቢያጥር ግን ስላብ መሆኑ...