ረሃቡንም ደብቀውት ነበር

የተከበራችሁ ሸሆችና ቀሳውስት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቻችን፤

ስለ ጆሮ ጠቢና ስለ ነጭ ለባሽ ሲነሳ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ቀይ ሽብር ይሄዳል። ይገባልም። በ1969 እና በ1970 ወፌ ላላ የተገረፉትን፣ ሬሳቸው መንገድ ዳር የተጣለውን፣ ለልጃቸው እንዳያለቅሱ የተከለከሉትን እናቶች ማን ይረሳል? ወሎን ግን አፈናው የፈጀው በጥይት ብቻ አይደለም።

በ1965 ገበሬው በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ ሹማምንት የተጨነቁት ወሬው እንዳይወጣ ነበር። 1,500 ያህል የወሎ ገበሬዎች ችግራቸውን ሊያሰሙ ወደ አዲስ አበባ ቢተሙ ፖሊስ ከከተማዋ ደጃፍ መለሳቸው። አቤት ለማለት እኮ ነው የሄዱት! የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ ወሎ መጥተው ያነሱትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ ባያሳዩ ኖሮ፣ የመሐል አገር ሰው መቼ ይሰማ እንደነበር እንጃ። ያለቀው ሰው እስከ 200 ሺህ ይገመታል።

ደርግ ያንን ረሃብ ንጉሡን መክሰሻ አደረገው። እሱስ ምን አደረገ? በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ይመራ የነበረው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች አስጠንቅቆ ነበር። አዲስ አበባ ግን ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሽር ጉድ ላይ ነበረች፤ ጋዜጠኛም ወደ ሰሜን እንዳይወጣ ተከለከለ። ኮረም ላይ የወደቀውን ሕዝብ ዓለም ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ነው። ድርቁን ፈጣሪ አመጣው እንበል፤ ይህን መደበቅ ግን ማን አዘዘ?

ቀጥሎ ሰፈራው መጣ። ሳይወድ በግድ ታፍሶ ወደ መተከልና ወደ ኢሉባቦር የተጫነው ስንቱ ነው! ይህን በአደባባይ የተቃወሙት የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ከአገር ተባረሩ። የውጭ ሐኪም እንዲህ ከሆነ የዋግ ገበሬ ምን አፍ ነበረው? ለእርዳታ እህል ስሙን የሚመዘግበውም፣ ለሰፈራ የሚመለምለውም ያው የገበሬ ማኅበሩ ነው። ጉሮሮህን የያዘ ሰው ላይ ማን አቤት ይላል?

የሰማዕታቱን ስም ለምትሰበስቡ ወጣቶች አንድ ልመና አለኝ። መዝገባችሁ በከተማ ተማሪዎች ብቻ አይዘጋ። ወደ ቆቦ፣ ወደ ላስታ፣ ወደ ዋግ ውጡ። በረሃቡ የሞተውን፣ ከሰፈራ ሲሸሽ የቀረውን በስሙና በመንደሩ ጻፉት። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች እድሜያቸው ገፍቷል፤ ክረምቱ ሳይገባ ብትጀምሩ መንገዱም ይመቻችኋል።