ያረጀ ፒክአፕና ፍሬኑ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ፊታቸው በዲስክ፣ ኋላቸው በታምቡር (ከጎማው ጋር በሚዞር ከበሮ መሰል ብረት) ስለሚይዙ የቆዩ ፒክአፖች ናቸው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ዕቃ ቀይረውም ችግሩ አልተፈታላቸውም። ስለዚህ በየመልሱ ፍተሻውን እናስቀድማለን፤ ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ፍሬኑን አንዴ ስረግጠው ወደ ታች ይገባል። ሁለት ሦስቴ ስደጋግመው ግን ከፍ ብሎ ይይዛል። ማስተሩ አልቋል ተብያለሁ። ልቀይረው?

መልስ፦ ለጊዜው ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ሲሊንደር፣ አይንኩት። ሲደጋገም ከፍ የሚል ፔዳል በአብዛኛው የሚነግርዎት የኋላው ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተፋትጎ የሚይዘው ክፍል) ከታምቡሩ መራቁን ነው። ሸራው ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። በመጀመሪያው ርግጫ የተገፋው ዘይት ሸራውን ታምቡሩ ድረስ በማድረስ ብቻ ያልቃል። ሞላዎቹ ሸራውን መልሰው ሳይስቡት ሁለተኛው ርግጫ ሲደርስ ያኔ ይይዛል።

ይህን ክፍተት በራሱ የሚያጠብ ማስተካከያ ታምቡሩ ውስጥ አለ። በብዙ ፒክአፖች ላይ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። መኪናውን በማርሽ ብቻ የሚያቆም ሰው የእጅ ፍሬኑን ስለማይስብ ማስተካከያው ሳይንቀሳቀስ ይከርማል። ከታምቡሩ ጀርባ የእጅ ፍሬኑን ገመድ የሚይዘው ክንድም በጭቃና በዝገት ይደርቃል፤ ያኔ ቢሳብም ማስተካከያው ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

በእጅ ለማስተካከል የፊት ጎማዎቹን በሽብልቅ ያስይዙ። ኋላውን በክሪክ አንስተው አክስሉን በጽኑ ድጋፍ ላይ ያሳርፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከታምቡሩ ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ላይ በላስቲክ የተደፈነ ቀዳዳ አለ። በዚያ በኩል በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጥርሳሙን ማስተካከያ፣ ጎማው በእጅ አልዞርም እስኪል ድረስ ያዙሩት። ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ረግጠው እንደገና ያጥብቁ። ከዚያ ጎማው ለስለስ ያለ መፋተግ ብቻ እያሰማ እስኪዞር ወደ ኋላ ይመልሱት፤ ብዙ ጊዜ 8 ጥርስ ያህል ይሆናል። ሲመልሱ ጥርሱን የሚይዘውን ምላስ በሌላ ቀጭን ካቻቢቴ ገፋ አድርገው ይያዙ፤ አለዚያ ጥርሱ ይላጣል። ሁለቱንም ጎን እኩል ያድርጉ።

የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚስተካከለው ይህ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ገመዱን በማጥበቅ ይጀምራል። የጠበቀ ገመድ ውስጥ ያለውን ክንድ ከማረፊያው ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ራስ-በራስ ማስተካከያው ጥርስ መቁጠር አይችልም። ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ ሸራው ትንሽ ሲያልቅ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቆሜ ፔዳሉን ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይቱ ግን አይጎድልም።

መልስ፦ ይህ ግን እውነተኛ የማስተር ምልክት ነው። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማሸጊያዎች) ሲያልቁ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ በመሄድ ፈንታ በጎሚኒው ዳር አልፎ ይመለሳል። ሲፈትሹ በኃይል አይርገጡ፤ ኃይለኛ ግፊት የጎሚኒውን ከንፈር ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው ችግሩን ይደብቃል። ለስለስ ባለ ርግጫ አንድ ደቂቃ ያህል ይዘው ይቆዩ።

ዘይቱ ትንሽም ቢሆን የሚጎድል ከሆነና መሬት ላይ ጠብታ ካላዩ፣ ማስተሩን ከሰርቮው (የእግርዎን ግፊት በአየር መሳብ፣ በቫኪዩም፣ ከሚያግዘው ክፍል) ጋር ያሰሩትን ሁለት ዳዶዎች ይፍቱና ቧንቧዎቹን ሳያጥፉ በጥቂቱ ወደ ፊት ይሳቡት። መጋጠሚያው እርጥብ ከሆነ የኋለኛው ጎሚኒ ወደ ሰርቮው ውስጥ እያፈሰሰ ነው። ይህ ሲቆይ የሰርቮውንም ላስቲክ ያበላሻል።

ጎሚኒ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው የሲሊንደሩ ግድግዳ ያለ ጭረትና ያለ ጉድጓድ ሲሆን ነው። የተቦረቦረ ከሆነ ሙሉ ማስተሩን ይቀይሩ። አዲሱን መኪናው ላይ ከማሰርዎ በፊት በሞርሳ ያስይዙትና ዘይት ይሙሉት። ከመውጫዎቹ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ወደ ማጠራቀሚያው መልሰው፣ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ ፒስተኑን በዝግታ ይግፉት። ይህን የዘለለ ሰው መኪናው ላይ አየር ሲያሳድድ ይውላል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ አየር አስወጥቻለሁ፤ ፔዳሉ አሁንም እንደ ስፖንጅ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው አየሩ መውጫ ያጣበት ቦታ አለ ማለት ነው። በቅርቡ ካሊፐር (የፊት ዲስኩን በሸራ ቆንጥጦ የሚይዘው ክፍል) ከተፈታ መጀመሪያ እሱን ይዩ። የግራና የቀኝ ካሊፐር ተቀያይረው ከተገጠሙ የአየር ማስወጫው ብሎን ከታች ይሆናል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚወጣ የፈለጉትን ያህል ቢረግጡ ዘይት ብቻ ነው የሚወጣው። ብሎኑ ከላይ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ቦታ ጭነት የሚለካው የፍሬን ቫልቭ ነው። በቶዮታ ሃይሉክስና በመሰሎቹ ላይ ከሻሲው ተያይዞ፣ በዘንግ ከኋላው አክስል ጋር የሚገናኝ ዕቃ ነው። በብዙዎቹ ላይ የራሱ አየር ማስወጫ ስላለው አይዝለሉት። መኪናውን በሻሲው አንስተው አክስሉ ተንጠልጥሎ ከሆነ የሠሩት ደግሞ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ድጋፉ አክስሉ ሥር ይሁን።

አሠራሩ ላይም ጥንቃቄ አለ። ከማስተሩ በጣም ከራቀው የኋላ ጎማ ይጀምሩ፤ ከዚያ ሌላውን ኋላ፣ ቀጥሎ የራቀውን ፊት፣ መጨረሻ የቀረበውን። ብሎኑ ላይ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይሰኩ፤ የቱቦው ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ። አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ብሎኑን ግማሽ ዙር ከፍቶ፣ ፔዳሉ ወርዶ ሳይጨርስ ይዘጋል። ብሎኑ ሳይዘጋ እግር ከተነሳ ያወጡት አየር ተመልሶ ይገባል። ማጠራቀሚያውን በየጥቂት ርግጫው ይሙሉ። ማስተሩ አሮጌ ከሆነ ፔዳሉ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ ከሥሩ እንጨት ያድርጉ። ጎሚኒው በዘወትር አጠቃቀም የማይደርስበት የሲሊንደሩ ጥግ ዝገት ይይዛል፤ እዚያ ሲገባ ይቆረጣል። ጠዋት ደህና የነበረ ማስተር ከሰዓት በኋላ የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከለሰለሰ ረዳትዎ ፔዳሉን አጥብቆ ሲረግጥ የላስቲክ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይዩ። እንደ ፊኛ የሚነፋ ቱቦ ግፊቱን ይበላዋል፤ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ትንሽ ከነዳሁ በኋላ አንዱ የፊት ጎማ ይግላል፤ መኪናውም ወደዚያ ይስባል። ካሊፐሩን ቀየርኩ፣ አልተሻለም።

መልስ፦ ያልተቀየረው ቱቦው ነው። ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይላጥና ልጣጩ እንደ መዝጊያ ይሆናል። እግርዎ የሚገፋው ግፊት ያልፋል፤ ሲለቁ ግን ዘይቱ አይመለስም፣ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይቀራል።

ጎማው ይዞ ባለበት ሰዓት አንስተው ያረጋግጡ። የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ትንሽ ይክፈቱ። ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ካልተለቀቀ የደረቀው ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ነው። ግፊት ታፍኖ ከነበረ ደግሞ እንደገና እስኪይዝ ጠብቀው በዚህ ጊዜ የብረቱን ቧንቧ ከቱቦው በላይ ያላሉት። ቧንቧው ላልቶ ጎማው አሁንም እንደያዘ ከሆነ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። ከተለቀቀ ግን ግፊቱ የሚመጣው ከላይ፣ ከማስተሩ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የፊት ጎማዎች አብረው ይግላሉ። ቱቦ በጥንድ ይቀየራል። ፒኑን የሚቀቡት ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ይሁን፤ የኩሽኔታ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ በሁለት እግር ካልቆምኩበት አይይዝም።

መልስ፦ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን 5 ወይም 6 ጊዜ ይርገጡ፤ ይደነድናል። እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ዝቅ ካላለ ሰርቮው እየረዳዎት አይደለም። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ለብቻው የቫኪዩም ፓምፕ ይገጠምለታል፤ በብዙ የቆዩ ፒክአፖች ላይ ያለው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው ሞተሩ እየሠራ ጫፉን በአውራ ጣት ይድፈኑት። አጥብቆ ካልሳበ ፓምፑን፣ ቱቦውንና መሃሉ ላይ ያለውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይፈትሹ። አጥብቆ ከሳበና ፔዳሉ ከጠነከረ ሰርቮው ነው።

ጥያቄ፦ ባሌስትራ ካስጨመርኩ ወዲህ ጭነት ስይዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም፤ የፊት ሸራም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አንድ ባለሙያ ጭነት የሚለካውን ቫልቭ እናውጣውና ቧንቧውን በቀጥታ እናገናኘው ይላል።

መልስ፦ እባክዎ አያስወጡት። ባሌስትራ ሲጨመር ሻሲው ከአክስሉ ይርቃል። ቫልቩ የሚያውቀው ይህን ርቀት ብቻ ስለሆነ አንድ ቶን ቢጭኑም መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ግፊት ያፍናል፤ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ዘንጉን ወይም ማሰሪያውን በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ግን የቫልቩ ክንድ በእጅ ሲገፋ እንደሚንቀሳቀስ ያረጋግጡ፤ የደረቀ ከሆነ ዘንጉን ማስተካከል ምንም አይለውጥም። ቫልቩ ከወጣ ባዶ መኪና እርጥብ መንገድ ላይ ሲረገጥ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይቆልፉና መኪናው ይሽከረከራል። ያን ጊዜ በመሪ የሚመለስ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ድንገት ወለሉ ላይ ወረደ። ቆሜ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ፤ ጋራዥ ሲታይም ምንም አልተገኘም።

መልስ፦ ምንም ያልተገኘው ዘይቱ ስላልተመረመረ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉ ይገባል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ምልክት አይተውም። ችግሩ ግን እዚያው አለ፤ ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ ይደገማል።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ፤ 1 ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይደገም። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አይጠቀሙ። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ከገባ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፣ ሁሉም መቀየር አለባቸው።

ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ። እግርዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው አይውረዱ፤ አጥብቀው ረግጠው ፍጥነቱን ቀንሰው ይልቀቁ፣ በመሃሉ ይቀዝቅዝ። ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ የሞተሩን እገዛ ያሳጣዎታል፤ ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮውም የቀረውን ጥቂት ርግጫ ረድቶ ያበቃል። ፔዳሉ ከጠፋብዎት በፍጥነት ይደጋግሙት፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቁልፉን ተጭነው እንደያዙ ቀስ በቀስ ይሳቡት። እሱ የሚሠራው በገመድ ስለሆነ የፈላ ዘይት አይነካውም። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አያፍሱ።

ጥያቄ፦ የኋላ ታምቡር ውስጥ ዘይት አገኘሁ። ሸራውን በቤንዚን አጥቤ ልመልሰው?

መልስ፦ አይመልሱት። ዘይቱ ሸራው ውስጥ ሰርጓል፤ ሲግል ተመልሶ ይወጣል። ሸራው በሁለቱም ጎን ይቀየር፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተቀየረ መኪናው ይጎትታል። ከዚያ በፊት የየትኛው ዘይት እንደሆነ ይለዩ። ቀጭን ከሆነና በውሃ ከታጠበ የፍሬን ነው፤ የታምቡሩ ትንሽ ሲሊንደር ያፈሳል፣ የአቧራ መከላከያውን ላስቲክ ገለጥ አድርገው ያዩታል። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ ካለው የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የአክስሉ ጎሚኒ አልቋል። ጎሚኒውን ሲቀይሩ አክስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መተንፈሻም ያጽዱ። እሷ በጭቃ ከተደፈነች የጋለው አየር ዘይቱን በአዲሱ ጎሚኒ በኩል ይገፋዋል።

ታምቡሩን ሲከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር አይንፉ፤ የቆየ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ለሳንባ አደገኛ ነው። በሳሙና ውሃ አርጥበው ይጥረጉት። የታምቡሩን የውስጥ ዲያሜትርም ለክተው ታምቡሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ጋር ያስተያዩ። 254 ሚሊሜትር ሆኖ የተሠራ ታምቡር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው 256 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ቢወስዱትም አያድነውም።