በርሜላችን ውስጥ የምታድገው ቢምቢ

እናቶች፣ አባቶች፣ ጎረቤቶቼ፣ ተማሪዎቼም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ስለ ቢምቢ ለመስማት መሰብሰባችሁ ደስ ብሎኛል። ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ወባ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ገጠርን ነው። ክረምቱ ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ውሃ ያቁራል፣ ከመስከረም በኋላ ሰው ይታመማል። ልክ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት ስታስተላልፍ የኖረችው ቢምቢ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ፣ ዝናብ ጥሎት የሄደውን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ ትወዳለች። ከብት የረገጠው ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ ድሬዳዋ የሆነው ግን ከዚህ ጋር አልገጠመም። ዋናው ክረምት ገና ሳይገባ፣ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሰው ወባ ተገኘበት፤ በ2019 በእነዚሁ ወራት የታመመው 200 ገደማ ነበር። ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን ግቢና የዩኒቨርሲቲውን ማደሪያ ዙሪያ ሲፈትሹ ሌላ ዝርያ አገኙ። ስሟ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ነው።

የዚች ቢምቢ አገሯ ደቡብ እስያና የአረብ ምድር ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ70,000 በላይ ሆነ። እኛ ጋ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ ከዚያ በሌሎች ከተሞችም ታየች። ከተማ ትወዳለች። እንቁላሏን የምትጥለው በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለመጠጥ ያስቀመጥነው ንጹሕ ውሃ ይስማማታል። ዝናብ መጠበቅ አያስፈልጋትም፣ ውሃውን እኛው እናቀርብላታለን።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቧንቧው በየቀኑ ቢመጣ ማን በርሜል ይደረድራል? ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤተሰብ ማጠራቀሙ ግዴታው ነው። የማይቋረጥ ውሃ መጠየቅ ደግሞ ወባን መከላከል ነው፤ በየስብሰባው ይህን ደጋግመን መጠየቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን በርሜሉን መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው።

እስቲ ኑሮዋን እንየው። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ የአበባ ወለላ እየቀሰመ ይኖራል፣ ሰው አይነካም። ሴቷም ለኃይል ጣፋጭ ትቀስማለች፣ ደም የሚያስፈልጋት እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። ስንተነፍስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከትላ ትመጣለች፣ ቀረብ ስትል የገላችን ጠረንና ሙቀት ይመራታል። ስትነክስ ደም እንዳይረጋባት ምራቋን ቆዳችን ውስጥ ትለቃለች። የሚያሳክከን ሰውነታችን ለዚያ ምራቅ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ የወባው ተውሳክም የሚገባው በዚሁ ምራቅ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ቢምቢ ወባን ይዛ አትወለድም። መጀመሪያ የታመመ ሰው መንከስ አለባት። ከዚያ ተውሳኩ ሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ ጋ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በላይ ይፈጃል። ሮናልድ ሮስ በ1897 ህንድ ውስጥ ተውሳኩን ቢምቢ ሆድ ውስጥ ካየው ጀምሮ ይህ መንገድ ሲጠና ኖሯል። ብዙዎቹ ቢምቢዎች ያን ያህል ሳይቆዩ ይሞታሉ። ስለዚህ የምታስፈራው ዕድሜ የጠገበችው ናት። አጎበርና የግድግዳ ርጭት የሚጠቅሙን ዕድሜዋን ስለሚያሳጥሩት ነው። የታመመ ሰው ቶሎ ሲታከምም ከእሱ ተውሳኩን የምትወስድ ቢምቢ ትቀንሳለች። ልጃችሁን ካተኮሰው እባካችሁ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ።

ስቴፈንሳይ ግን ከቤት ውጭም ትነክሳለች፣ ከብቶችም ጋ ትሄዳለች፣ በረት ውስጥም ታርፋለች። አጎበር ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ሁላችንም ከሥሩ እንተኛ። ብቻውን ግን አይበቃም። ልናገኛት የምንችለው ገና መብረር ሳትችል፣ ውሃው ውስጥ እያለች ነው። እንቁላሉ በሁለት ሦስት ቀን እጭ ይሆናል፣ እጩ አራት ጊዜ ያድጋል፣ ከዚያ ሙሽሬ ይሆንና ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ይህ ሁሉ አንድ ሳምንት አለዚያም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። በየሳምንቱ በርሜሉን ገልብጠን ውስጡን በብሩሽ የምንፈትገው ለዚህ ነው።

መፈተግ ያልኩት በምክንያት ነው። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ሌላ ቢምቢ፣ ኤደስ ኢጂፕቲም፣ በእነዚሁ በርሜሎች ትራባለች። እሷ የምትነክሰው ቀን ነው። በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲመታ ስንቱ መገጣጠሚያው ተይዞ ከአልጋ መነሳት እንዳቃተው ታስታውሳላችሁ። የእሷ እንቁላል በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ያለ ውሃ ወራት ይቆያል፣ ውሃው ሲመለስ ይፈለፈላል። ውሃውን ደፍቶ ብቻ መሙላት አያጠፋውም።

ውሃው መደፋት የማይችል ከሆነ፣ ገባኝ፣ ውሃ ውድ ነው፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በገመድ እሰሩት። ክዳን ጣል ማድረግ አይበቃም፣ በትንሽ ክፍተት ትገባለች። የሮቶውን ክዳንም ወጥታችሁ እዩት። ግቢ ውስጥ የወደቀ ጎማና ጣሳ አስወግዱ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ አለ፣ ተማሪዎቼ ከሰፈሩ በርሜሎች የቀዱት ውሃ ነው፣ አፋቸው ታስሯል። በአንደኛው እጮቹ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው ተጋድመዋል፣ እነሱ የአኖፌለስ ናቸው። በሌላው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፣ እነሱ የኤደስ ናቸው። አሁን ተራ በተራ እየመጣችሁ እዩ፤ ማታ ቤት ስትገቡ ባትሪ ይዛችሁ የራሳችሁን በርሜል ተመልከቱ። እጭ ያገኘ ለሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለእኔ ይንገር፣ ነገ ጠዋት ብሩሽ ይዘን እንመጣለን።