መሪ ጨብጦ መሮጥ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የማወራችሁ ስለ ገዛ ወገቤ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እንጀራዬም መኪና መንዳት ነው። ባለፈው የበረዶ ወቅት ውጭ መሮጥ ሲያቅተኝ፣ የምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ካለችው ትንሽ ጂም ገብቼ ባሉበት በሚያስሮጠው ማሽን፣ በትሬድሚል ላይ መሮጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሩጫው ሃያ ደቂቃ ሲሞላው ከቀበቶዬ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል ጭምድድ አድርጎ የሚይዝ ሕመም መጣ። ጫማዬን ለመፍታት ጎንበስ ካልኩ ግድግዳ ሳልደገፍ ቀና ማለት አልችልም ነበር። ማሽኑን ረገምኩ፤ ጫማም ቀየርኩ፤ አዲሱ ጫማ ኪሴን ከማቅለል በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

አንድ ምሽት ልጄ ከጎን ቆማ በስልኳ ቀረጸችኝ። ቪዲዮውን ሳየው አፈርኩ። ስልኬን ማሽኑ ላይ አስደግፌ ዜና ስለምከታተል አገጬ ወደ ደረቴ ወርዷል፤ ሁለት እጆቼ መያዣውን አንቀው ይዘዋል፤ ትከሻዬ ጎብጦ መቀመጫዬ ወደ ኋላ ቀርቷል። «አባዬ፣ መሪ የያዝክ እኮ ነው የምትመስለው» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ በመኪና ውስጥ የተቀመጥኩበትን አቀማመጥ ይዤ ነበር የምሮጠው።

በኋላ ያማከርኳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጉዳዩን እንዲህ አስረዳችኝ። ሰው አሥር ሰዓት ሲቀመጥ፣ ጭንን ወደ ላይ የሚያነሱት ከዳሌ ፊት ለፊት ያሉት ጡንቻዎች በአጭሩ ታጥፈው ይውላሉ፤ የመቀመጫ ጡንቻዎችም ሥራ ፈትተው ይደነዝዛሉ። ወዲያው ተነሥቶ ሲሮጥ እግሩ ከዳሌው ወደ ኋላ በሚገባ መዘርጋት ስለሚያቅተው፣ የጎደለውን ርቀት የታችኛው ወገብ እየተለመጠ ይሞላዋል። መንገድ ላይ ቢሆን ጠጠሩ፣ ጠመዝማዛውና የትራፊክ መብራቱ እርምጃችንን ይለዋውጡታል፤ ትሬድሚል ላይ ግን ያችው አንዲት እርምጃ ሳትለወጥ ትደጋገማለች። በደቂቃ 160 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በግማሽ ሰዓት 4,800 ጊዜ ይረግጣልና፣ ጥቂት የተዛነፈ አረጋገጥ ሁሉንም ጊዜ ያንኑ ቦታ ሲነካ መዋሉ ነው።

መጀመሪያ ያቆምኩት መያዣውን መጨበጥ ነው። ሳልይዝ መሮጥ የማልችልበት ፍጥነት ለእኔ አቅም የበዛ ፍጥነት ነው ብዬ ደምድሜ፣ በሰዓት ከ6.5 ማይል ወደ 5.5 ዝቅ አደረግሁ። በዚህ የተነሣ ክብሬ ትንሽ ተነክቷል፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በእርጋታ ሲቀድሙኝ ማየት ቀላል አይደለም። ቀጥሎ ከማሽኑ ፊት ለፊት ተለጥፌ መሮጤን ተውኩ፤ ሰሌዳውን በጉልበቴ እንዳልመታ ስሠጋ ሳላውቀው ወደ ኋላ እለመጥ ነበርና፣ አሁን ከእግሬ ሥር ወደሚዞረው ቀበቶ (ቤልቱ) መሐል ሸሸት እላለሁ። ዓይኔንም ከፊቴ ካለው ግድግዳ ላይ አሳርፋለሁ።

የማሽኑን ዳገት፣ ማለትም ቤልቱ ከፊት ከፍ የሚልበትን መጠን፣ በተመለከተ ብዙ ሰው «1 በመቶ አድርገው» ይላል። ይህ ምክር የመጣው ጆንስና ዱስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ካወጡት ጥናት ሲሆን፣ እነርሱ የፈለጉት ከቤት ውጭ ሯጩን የሚገታውን የአየር መቋቋም ማካካስ እንጂ የወገብን ሕመም ማዳን አልነበረም። 1 በመቶ አይጎዳም፤ እኔን የጎዳኝ 8 በመቶ አድርጌ፣ ከወገቤ ታጥፌ፣ መያዣው ላይ ተንጠልጥዬ መውጣቴ ነው። ዳገት ሲኖር ሰውነት ማዘንበል ያለበት ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን እርምጃዬን ማሳጠር ነው። ቀኝ እግሬ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ስቆጥር 38 ሆነ፤ በደቂቃ 152 እርምጃ ማለት ነው። ፍጥነቱን ሳልነካ 40 አደረስኩት። በ2011 የታተመ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ እርምጃን ከ5 እስከ 10 በመቶ ማብዛት በጉልበትና በዳሌ ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተለካው ወገብ ባይሆንም፣ እግሬ ከፊቴ ርቆ መርገጡን ሲተው ያ ወደ ወገቤ ይወጣ የነበረው ንዝረት ቀለል ብሎልኛል።

ከመኪና እንደወረድኩ ማሽን ላይ መውጣትም ቀርቷል። አንድ ጉልበቴን መሬት አስነክቼ የዳሌዬን ፊት አፍታታለሁ፤ በጀርባዬ ተኝቼ መቀመጫዬን አሥር ጊዜ አነሣለሁ፤ ከዚያም አምስት ደቂቃ እራመዳለሁ። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሣሁ የእግሬን ጣት ለመንካት ማጎንበሴንም ትቻለሁ፤ በአከርካሪ አንጓዎች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ውኃ ይዘው ስለሚያብጡ፣ ያን ሰዓት መታጠፍ ይከብዳቸዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

እኔ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ስልኬም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ደለስ አየር ማረፊያ ሦስት ጊዜ የተመላለስኩ ቀን ግን አልሮጥም፤ ዳገቱን ዜሮ አድርጌ፣ እጄን እያወዛወዝኩ ሃያ ደቂቃ ተራምጄ ወደ ቤቴ እወጣለሁ።