እንቅልፍ በስትሪፕ አይሸጥም

(ሰኔ 19 ቀን ባሕር ዳር ላይ፣ ከሱስ በማገገም ላይ ላሉ ሰዎች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከሱስ ጋር የምትታገሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጤና ባለሙያዎችና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ሰኔ 19 በመላው ዓለም የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ቀን ሆኖ ይከበራል። ስለ ጫቱ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ሺሻው ሲነገር ይዋላል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ሌሊቱ ልናገር ነው። ሱስ ያቆመ ሰው ጓደኛ ሳይጠራው፣ ማንም ሳይገፋፋው የሚሸነፍበት ሰዓት አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ እሱ ብቻ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ «ነገ ትንሽ ብቻ ልቃም» ብሎ ይወስናል። እንቅልፍ ማጣት ሱስን ከሚያገረሹ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ መሆኑን በሙያው ያለን ሁላችን እናውቃለን። ታዲያ ያገገመውን ሰው «አቆምክ ወይ?» እንለዋለን እንጂ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ሌሊቱ ለምን እንደሚበላሽ እንነጋገር። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ነው። በእርጥብ ቅጠል ውስጥ ይበዛል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ደከም ወዳለው ወደ ካቲን ይለወጣል። የወንጀጣ ጫት ከተቆረጠ በኋላ እርጥበቱን ይዞ በጥድፊያ ገበያ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ተቀምጦ እስከ ማምሻው የቃመ ሰው እኩለ ሌሊት ላይም ዓይኑ አይከደንም። ያን ለመስበር ጨብሲ ይፈልጋል፤ ድራፍት ወይም አረቄ። ስለዚህ «ጫት አቆምኩ» የሚለን ሰው ብዙውን ጊዜ መጠጥም አብሮ እያቆመ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ እንቅልፍን የሚያውኩበት መንገድ ለየቅል ነው።

ጫት ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካምና ከባድ እንቅልፍ ናቸው። ከዚያ ዱካክ የሚሉት የሌሊት ቅዠት ይመጣል። ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠበት፣ የታነቀ፣ መጮህ ያቃተው ይመስለዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አነቃቂ ነገር ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል አፍኖ ይይዛል፤ ሲቆም ያ ክፍል በኃይል ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ጡንቻዎቻችን በተፈጥሮ ይዝላሉ። አእምሮ ከጡንቻ ቀድሞ ከነቃ ሰው ነቅቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። አንጎል ራሱን እየጠገነ የመሆኑ ምልክት ነውና ዱካክን ሽሽት የሚቃም ሰው ጥገናውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

መጠጥ በበኩሉ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። ለዓመታት የጠጣ ሰው ሲያቆም እንቅልፉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊረበሽ ይችላል። ጋንጃ ያቆመ ሰው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ እንግዳ ሕልም ይጀምረዋል፤ አንደኛው ሳምንት ይከብዳል፣ ሕልሙ ግን ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያቆመውን እግሩ አላስቀምጥ ይለዋል፤ ሕመሙና ብርዱ ከለቀቁት በኋላም እንቅልፉ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣት እናስብ። ጫቱንም ጨብሲውንም በአንድ ቀን አቆመ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሌት ተቀን ተኛ፤ እናቱም «ልጄ አረፈልኝ» ብላ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት አትቀሰቅሰውም። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፉ ጠፋ። እናት ጨነቃት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እራቱን አብልታ «በል ቶሎ ተኛ» ትለዋለች። 3 ሰዓት አልጋ ላይ ይወጣል፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይገላበጣል፣ ሊነጋ ሲል ይወስደዋል፣ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጋደም ይላል። እንቅልፍ እንደ ርሃብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀማምስ የዋለ ሰው ማታ ገበታው አይጥመውም። ይህች እናት በፍቅር ያደረገችው ሁሉ የልጇን የማታ እንቅልፍ እየበላባት ነው፤ ይህን የነገራት ግን የለም።

በዚህ መሀል ጎረቤት ትመጣለች። «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ብላ ከጓዳዋ ዳያዜፓም የሚባል ባለ 5 ሚሊግራም የሚያስተኛ ክኒን ታመጣለች። ልጁ በዚያ ሌሊት እንደ ሕፃን ይተኛል፤ ቤቱ ሁሉ ጎረቤቷን ይመርቃል። ዳያዜፓም ግን እኩሌታው ከደም ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሰውነት ሲያብላላው የሚወጣው ውህድ ደግሞ ከዚያም ይቆያል። የዛሬው ክኒን ሳይወጣ የነገው ይጨመርበታል። ልጁ በማግስቱ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ አባይ ማዶ ሲነዳ እጁና ዓይኑ ዘግይተዋል፤ እሱ ግን አይታወቀውም። በጥቂት ሳምንታት ሰውነቱ ይለምደውና አንዱ ክኒን አልበቃ ይላል፤ ሁለት ይሆናል። አንድ ሌሊት ልተወው ሲል ከመጀመሪያው የባሰ እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል። ይህ የክኒኑ መቅረት ያመጣው ነው፤ እሱ ግን «ያለ ክኒን መተኛት አልችልም ማለት ነው» ብሎ ያምናል። ቀን ቀን ጭንቅላቱ ይደነዝዛል፤ ለመንቃት ደግሞ መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ ጫት ተራ ይሄዳል። ማታ ክኒን፣ ቀን ጫት። አንድ የበዓል ቀን ላዩ ላይ አረቄ ከጨመረበት ክኒኑም አረቄውም ትንፋሽን የሚያዘገዩ ናቸውና ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

ጎረቤቷን አልወቅስም፤ የምታውቀውን አደረገች። ግን ያ ስትሪፕ ጓዳዋ ውስጥ እንዴት ገባ? ዳያዜፓም ቁጥጥር የሚደረግበት፣ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ይህን የማያውቅ የመድኃኒት ባለሙያ የለም! ማዘዣ ሳይጠይቅ፣ ዓይኑን ሳያይ፣ በመቀስ ቆርጦ በወረቀት ጠቅልሎ የሚሰጥ ሰው ሥራውን አላወቀም አንልም፤ አውቆ ነው የሚሸጠው! ከሱስ ለወጣ ልጅ ሁለተኛ ሱስ ሸጦ፣ ገንዘቡን መሳቢያ ከትቶ «እግዜር ይማርህ» ማለት ምን ዓይነት ምርቃት ነው? እናት ልጇን ከጫት ቤት ጎትታ ያወጣችው እናንተ ደጃፍ ላይ ልትጥለው ነው ወይ? ማዘዣ ጠይቃችሁ፣ ደንበኛ ተቆጥቶባችሁ፣ ገበያ እያመለጣችሁ እምቢ የምትሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ክብር ይገባችኋል። ሌሎቻችሁን ግን በአደባባይ እለምናችኋለሁ፦ ማዘዣ አለህ ወይ፣ መጠጥ ትጠጣለህ ወይ፣ ስንት ጊዜ ወስደኸዋል ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላኩት። የድብርት መድኃኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ ከሰው ለሰው የሚታደል አይደለም፤ ሲበዛ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ይህን ስትሰሙ በየቀኑ ዳያዜፓም እየወሰዳችሁ ያላችሁ፣ ተናድዳችሁ ዛሬ ማታ ክኒኑን እንዳትጥሉት። ለሳምንታት የተወሰደ ዳያዜፓም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በሐኪም ክትትል በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል፤ ቅነሳው በየ2 ሳምንቱ ከ25 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው።

ይኸው መድኃኒት ነፍስ የሚያድንበት ቦታም አለ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም 6 ሰዓት ያህል ካለፈ ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር የሚያይ፣ ቀኑንና ቦታውን የሚስት፣ ትኩሳት ያለው ከሆነ ይህ ሊገድል የሚችል የሕክምና ድንገተኛ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ዳያዜፓም እየተለካ ይሰጠዋል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፣ ዳያዜፓሙ በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። አባቶቼ፣ እናንተን በትሕትና የምለምነው እዚህ ላይ ነው። መጠጥ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ጸበል ቦታ የሚለፈልፍና የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ሲመጣላችሁ፣ ጸሎቱ ሳይቋረጥ መኪና ይጠራለት። እዚህ ለከተማችን ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታልም ሩቅ አይደሉም።

እንግዲህ ያለ ክኒን እንዴት ይተኛል? በዓለም አቀፍ ደረጃ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የሚመከረው የባህርይ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ይህንኑ ከመድኃኒት አስቀድሞታል። ሥራው የሚጀምረው በማስታወሻ ነው። ለ1 ሳምንት፣ ቢቻል ለ2፣ በየጠዋቱ ስንት ሰዓት አልጋ ላይ እንደወጣችሁ፣ በግምት በጠቅላላው ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተነሣችሁ ጻፉ። ሌሊት ሰዓት አትዩ፤ ስልኩን ገልብጡት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አልጋ ላይ የቆየ ሰው 10 ሰዓት ነው። የተኛው 5 ሰዓት ተኩል ከሆነ 55 በመቶውን ብቻ ነው የተኛው። ለዚህ ሰው አልጋው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ይፈቀድለታል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት። ከ5 ሰዓት በታች አይወረድም። በሳምንቱ አልጋ ላይ ከቆየበት 85 በመቶውን ከተኛ የመኝታ ሰዓቱ በ15 ደቂቃ ቀደም ይልለታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ 15። የመነሻው 12 ሰዓት ግን በእሑድም፣ በበዓልም፣ ምንም ሳይተኛ ባደረበትም ቀን አይነካም። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ሰው አንድ መጥፎ ሌሊት ሲያድር ጠዋት ልካስ ይልና የሳምንቱን ልፋት ያፈርሰዋል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ቀን ቀን ያንገላጅጃሉ። ስለዚህ ባጃጅ፣ መኪና ወይም ጀልባ የሚነዳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ይህን በጥድፊያ አያድርገው፤ ከባለሙያ ጋር ሆኖ አልጋ ላይ ከሚቆይበት ጊዜ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይቀንስ።

አልጋ ላይ ወጥቶ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ያለው ይነሣ። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጥ፣ ዳዊቱን ይድገም ወይም ዝም ይበል፣ ሲያንገላጅጀው ይመለስ። «ቤቴ አንድ ክፍል ነው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። በርጩማ ይበቃል፤ ዋናው ከአልጋው መውረድ ነው። ቀን ቀን አልጋውን አልብሱት፣ አትቀመጡበት፣ አትብሉበት። ሲቃምበት የኖረውን ፍራሽ ከቤት አውጡ፤ ካልተቻለ ቦታውን ለውጡት። አንጎል ያን ጥግ ባየ ቁጥር ምርቃናውን ያስታውሳል፣ ሐራራም ይቀሰቅሳል። ሌሊት ስትነሡ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ስትመለሱ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር መልሳችሁ ሸጉጡ። ክረምቱ ገብቷል፣ ወባውም አብሮ ነው። ማታ ያተኮሰውን ሁሉ «ሱሱ እየወጣ ነው» አትበሉት፤ ደሙ ይመርመር።

ጠዋት 12 ሰዓት እንደተነሣችሁ ውጡ። ጣናን ዳር ዳር ይዛችሁ 30 ደቂቃ መራመድ ገንዘብ አያስወጣም። የሰኔ ሰማይ ደመናም ቢሆን ከቤት አምፖል ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል።

ቡናው ላይ እናቶች ልትቆጡኝ ትችላላችሁ። የዘጌም ይሁን የሌላ፣ እኩሌታው ካፌይን ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቡናው ከቀትር በፊት ይጠጣ። ሲጋራም አነቃቂ ነው፤ ሌሊት ነቅቶ ማጨስ እንቅልፉን ይዞት ይሄዳል። የቀን እንቅልፍ ግድ ከሆነ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ። የሚደጋገም ቅዠት ያለበት ሰው ቀን ቁጭ ብሎ ሕልሙን መጨረሻውን ለውጦ ይጻፈው፤ አዲሱን መጨረሻ በየቀኑ ለ10 ደቂቃ በሐሳቡ ይመላልሰው። በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚልበት፣ እግሩ ማታ ማታ አላስቀምጥ የሚለውም ሐኪም ይየው። በሕይወቴ ተስፋ ቆረጥኩ የሚል ሰው ከሰማችሁ ደግሞ እንቅልፉ እስኪስተካከል አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ።

የማስታወሻው ቅጽ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ማንበብ ለማይችሉ ቤተሰብ ይሙላላቸው። የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ሳትወጡ ለጥቂት ደቂቃ ብትቆዩልኝ፣ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች በመስኮታችሁ ላይ የምትለጥፉበትን ወረቀት አብረን እንጽፋለን። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።